የዘገየ መርዶ፤ የኮርያ ዘማቾች፣ የማይጨው ሙታንና የቅሬያችን መዝገብ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ወር መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት፣ ከቀብር ስለሚቀር ሰውም ቅጣት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ቅሬ ያለ ደንብ አይቆምምና። እኔም ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ላይ ያሳለፍኩ፣ ለብዙ ዓመትም የቅሬያችንን መዝገብ የያዝኩ ሰው እንደመሆኔ ስለ ደንብ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ታሪክ ልጽፍ ተነሣሁ። ታሪኩ በአንድ ወገን የአገር ታሪክ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ከመካከላችን የነበሩ አንድ የኮርያ ዘማች ሽማግሌ ለጓደኞቻቸው ወደቆመው ሐውልት ያደረጉት ጉዞ ነው። በመጨረሻም እኔ ራሴ ያጠፋሁትን አንድ ጥፋት እናገራለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ያን ጥፋት ለመናገር ብዬ ነው ብል ከእውነት አልርቅም።

የሽማግሌውን ስም አልጽፍም። በሕይወት ሳሉ «የኔን ስም ተወው፤ ከጻፍክ እዚያ የቀሩትን ጻፍ» ብለውኝ ነበርና ቃላቸውን አከብራለሁ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ኮርያው» ይላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ቃኘው የሚለው ስም

ነገሩ የሚጀምረው ከእኛው መንገድ ነው። ከመርሳ ተነሥተን ወደ ደሴ ስንሄድ ውርጌሳን አልፈን ውጫሌን እናገኛለን። ዛሬ አውቶቡስ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የሚያልፋት ከተማ ናት። ነገር ግን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል ውሉ የተፈረመው እዚያች ቦታ ላይ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ትችላለች ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ጻፈው። አንድ ቃል ተለውጦ አገር ሊወሰድ ነበር ማለት ነው። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ ብዕር የያዘ ሰው መጠንቀቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ሆነ። በአድዋ ከዋሉት የጦር አለቆች አንዱ የሐረርጌው ገዥ ራስ መኰንን ነበሩ፤ የፈረሳቸውም ስም ቃኘው ነው፤ እሳቸውም አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ከ55 ዓመት በኋላ ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኮርያ ጦር ሲልኩ ለሻለቃው ይህን ስም ሰጡት። እንግዲህ እንደምታዩት የቃኘው ሻለቃ የስሙ ሥር ሲፈለግ ከእኛ ደጅ፣ ከውጫሌ ጠብ ላይ ይደርሳል።

ማይጨው

በአድዋና በኮርያ መካከል ግን ማይጨው አለ። ማይጨውን ሳይናገሩ ስለ ኮርያ መናገር አይቻልም፤ ኮርያውም ሁልጊዜ ወሬያቸውን የሚጀምሩት ከማይጨው ነበር። ምክንያቱም አባታቸው እዚያ ቀርተዋል።

ጣሊያን ዳግመኛ በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ነበር የመጣው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ደሴን በቦምብ ደበደበ። መጋቢት 22 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመሩት ጦር ማይጨው ላይ ገጠመ። በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነው የክቡር ዘበኛ ጦርም በዚያ ቀን ብዙ ሰው አለቀበት። ጦሩ ተፈትቶ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አውሮፕላን ከላይ ቦምብና መርዝ አወረደበት። ውሃ ጠምቶት ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው እዚያው ቀረ። ጣሊያንም ከኮረም ተነሥቶ በእኛ አገር አልፎ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። በ20 ቀኑ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ አዲስ አበባን ያዘ።

ያን ጊዜ ኮርያው አምስት ዓመት የሞላቸው ልጅ ነበሩ። እናታቸው ከዚያ መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚመለሰውን ሰው ሁሉ «ባሌን አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ነገሩኝ። አንዱ «አሸንጌ ድረስ አብረን ነበርን» አለ፤ ሌላው «ከማይጨው አልወጣም» አለ። ቁርጡን የነገራቸው ሰው የለም። መርዶ ስላልተረዱ እርማቸውን አላወጡም። እናቲቱ እስኪሞቱ ድረስ ጥቁር አልለበሱም፤ ነጭም አልለበሱም። ለዐርባ አልተዘከረ፣ ለሙት ዓመት አልተዘከረ። መቃብር ስለሌለ የሚሄዱበትም የለም። «እናቴ ባልዋን ቀብራ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዋ ይረዝም ነበር» ይሉ ነበር ኮርያው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። ማኅበሩ ሰምቶ ዝም አለ። አንድ አባል ሲጠቃ የቀሩት አባሎች ይደርሱለታል ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር ነበር። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ ቅሬተኛው ቤት ለቅሶ ሆኖ ሳለ ሌላው ቅሬተኛ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን አስቡልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር የሚገልጸው ይኸው ነውና።

ወደ ኮርያ

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ጦር ወደ ደቡብ ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን ርዱ ብሎ ሲጠይቅ ኢትዮጵያ ጦር ልካለሁ ካሉት አገሮች አንዷ ሆነች። ብዙ ሰው ዛሬም «ኮርያ ምን አገባን?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ኮርያውን አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቄአቸው ነበር። «ጄኔቭ ላይ ማን ምን አገባው ተብሎ ነው እኛ ያለቅነው» አሉኝና ዝም አሉ። ፖለቲካውን ለሊቃውንት ልተወው። በአንድ ወታደር ልብ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ግን ይህ ነበር።

ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተመልምሎ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጂቡቲ ወረደ። ከዚያም በመርከብ ተጭኖ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ከቆየ በኋላ ፑሳን ወደብ ደረሰ። አብዛኛው ወታደር ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ቃኘው ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። ጦሩ የተመደበው ከአሜሪካን 7ኛ እግረኛ ዲቪዚዮን ጋር ነበር። ጦርነቱ እስኪቆም እየተተካኩ የሄዱት ሦስቱ ሻለቃዎች በጠቅላላው ከ3,000 ሰው በላይ ናቸው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ። ከዚያም በኋላ ሰላም ለመጠበቅ ሌሎች ተከትለው ሄደዋል።

ከ120 በላይ ሞቱ፤ 536 ቆሰሉ። እጁን የሰጠና የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። የሞተ ጓደኛቸውንም ለጠላት ትተው አልሄዱም፤ በእሳት ውስጥ ገብተው ሬሳውን ተሸክመው ይመለሱ ነበር። አስከሬናቸውም በኋላ ከኮርያ ምድር ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ዐረፈ። ከዓለም ማዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አፅም አገሩ ገባ! እኛ በቅሬ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ከማንም የበለጠ ልንገነዘበው ይገባናል።

የኮርያው ዕዳ

ኮርያው የሄዱት ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ነው። ክረምቱን እዚያው አሳለፉ። በረዶው ውሃ በኮዳ ውስጥ እንዳለ ያደርቀዋል፤ የጠመንጃ ብረት በባዶ እጅ የነካ ሰው ቆዳው ተልጦ ይቀራል ይሉ ነበር። የቆላ ልጅ ለዚያ ብርድ አልተፈጠረም።

በምሽግ ውስጥ አብሮአቸው የሚያድር አንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ ከወዲያ ከሸዋ በኩል የመጣ ልጅ። አንድ ሌሊት ሁለቱ ቃል ተጋቡ። «እኔ ከቀረሁ ለእናቴ አንተ ንገራት፤ አንተ ከቀረህ ለእናትህ እኔ እነግራለሁ። በወረቀት አይደለም፤ በእግር ሄዶ፣ ጎረቤት ይዞ፣ በማለዳ» ተባባሉ። ኮርያው ይህን ቃል አጥብቀው የፈለጉት በእናታቸው በደረሰው ምክንያት ነው። በጥቅምት 1945 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ኮረብታ ይሉት በነበረው ግንባር ጓደኛቸው በመድፍ ፍንጣሪ ሞተ። ሬሳውን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆነው አወረዱት።

ወደ አገር ሲመለሱ ግን ቃላቸውን አልፈጸሙም። መጀመሪያ ፈቃድ አልተገኘም። ቀጥሎ የልጁ አገር የት እንደሆነ በትክክል አልታወቀም። በመጨረሻም፣ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ፈሩ። «ጥይት ያልፈራሁ ሰው አንዲት አሮጊት ፈራሁ» አሉ። ዓመት ዓመትን ወለደ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛው አለቃ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የክቡር ዘበኛ ሰው ሁሉ ተበተነ፤ እሳቸውም ወታደርነቱን ትተው ወደ አገራቸው ወደ ሀብሩ መጥተው እርሻ ያዙ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ወዳጅ ስለሆነ ኮርያ ዘምቻለሁ ብሎ መናገር የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ሜዳልያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እህል ጎታ ሥር አኖሩት። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ሊሸጡት አውጥተው የሚገዛ አጡ። እንዲህ እያለ ጓደኛቸው ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ፤ መርዶው ግን እንደተቀመጠ ነበር።

ወደ ሐውልቱ የተደረገው ጉዞ

በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አፍንጮ በር ለኮርያ ዘማቾች የመታሰቢያ ሐውልት ተመረቀ። በኮርያም በቹንቾን ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ በ1960 ዓ.ም. በሄዱ ጊዜ የተመረቀ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ። ኮርያው የአዲስ አበባውን በሬድዮ ሰምተው «የሙታኑ ስም ተጽፏል ይላሉ፤ ውሰደኝ» አሉኝ። እኔ ሥራ አለኝ፣ ዓመት ፈቃድ የለኝም እያልኩ ሁለት ዓመት አቆየኋቸው። በ2001 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ማለዳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸውና ሄድን።

ከመርሳ በሌሊት ተነሥተን ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሸዋ ሮቢትን አለፍን። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ አውቶቡሱ ጨለመ። «ይህን የበሳው ያ አባቴን የገደለው ነው። አየህ፣ ለድንጋይ ጊዜ ነበረው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ እስክንደርስ አልተናገሩም።

በማግስቱ ጧት በስድስት ኪሎ በኩል፣ የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት አልፈን ወደ አፍንጮ በር ወረድን። ኮርያው ሜዳልያቸውን ከጨርቁ አውጥተው ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር። ሐውልቱ ፊት ሲደርሱ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ወገባቸው ቀና አለ፤ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አድርገው ሰላምታ ሰጡ። ሰማንያ ዓመት የተጠጋ ሰው እንዲያ ተገትሮ ሊቆም ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ስሞቹ ቀረብን። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እያነበብኩ እሳቸው በጣታቸው ድንጋዩን እየዳሰሱ ይከተሉ ነበር። አንዳንዱ ስም ላይ «እሱ ዘፋኝ ነበር» ይላሉ፤ አንዳንዱ ላይ «እሱን አላውቀውም፤ ከሦስተኛው ይሆናል» ይላሉ። አንድ ስም ላይ ስደርስ ጣታቸው ቆመ። «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩት። «አሁንም ድገመው» አሉኝ።

እኔ ይጮኻሉ፣ ደረት ይመታሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉና መሬት ላይ ተቀመጡ። «ድንኳን የለም እንጂ ለቅሶ ነው፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊት ለፊታቸው ሰው እንዳለ አድርገው መናገር ጀመሩ። «እመይቴ፣ ልጅሽ ሞቷል። እኔ ነበርኩ አብሬው። ብዙ አልተሠቃየም። ከወደቀበት ጥለነው አልመጣንም። ዘግይቼብሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ከ50 ዓመት በላይ ተሸክመውት የኖሩት መርዶ ሲነገር እንደዚህ አጭር ሆነ።

ያን ጊዜ ዘበኛው መጣና «እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገሩ ሲገባው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጎን ቆመ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ከበሩ በኩል አይታን መጥታ «እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። አንድ በዚያ የሚያልፍ ሸምገል ያለ ሙስሊም ደግሞ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብሎ እጁን ዘርግቶ ዱአ አደረገና ከእኛ ጋር ትንሽ ቆየ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። መቼ እንደሞተ የጠየቀም የለም። ያለ መዋጮ፣ ያለ ጡሩንባ አንድ ቅሬ እዚያው ተቋቋመ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቅድስት ሥላሴ ሄደን የዘማቾቹን ማረፊያ ተሳለምን። በ1993 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አፅም የገባውም እዚያው ካቴድራል ነው። ኮርያው ከአንድ ዛፍ ሥር ትንሽ ዐረፍ አሉና እንዲህ አሉኝ። «ጓደኛዬ ባሕር ማዶ ሞቶ ስም አለው፣ አፈር አለው። አባቴ ከደጃችን በጥቂት ቀን የእግር መንገድ ላይ ሞቶ ስምም አፈርም የለው። ማይጨው ከኮርያ ይርቃል እንዴ?» እኔ የምመልሰው አጣሁ።

ያጠፋሁት ጥፋት

ወደ መርሳ በተመለስን በሳምንቱ ኮርያው ወደ ቅሬያችን ስብሰባ መጡ። በኪሳቸው የቋጠሩትን ገንዘብ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «የአባቴንና የጓደኛዬን ስም በሙታን መዝገብ ላይ ጻፍልኝ፤ መዋጮአቸው ይኸው። አንድ ቀን ቅሬው ይቀመጥላቸው» አሉ። ድንኳን አልጠየቁም፤ ንፍሮም አልጠየቁም።

እኔም ደንቡን ገልጬ አነበብኩላቸው። በቅሬያችን መተዳደሪያ ደንብ መሠረት በመዝገብ የሚጻፈው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሆኖ ቅሬው የቀበረው ሰው ነው። ጓደኛው ቤተሰብ አይደለም። አባትየውም የሞቱት ቅሬው ሳይቋቋም ነው። «ደንቡ አይፈቅድም፣ አባባ» አልኳቸው። ዳኛው ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ መዝገቡ አየሁ። ከአባሎቹ መካከል «እንጻፍላቸው፣ ምን ይጎዳናል?» ያሉ ነበሩ። «ዛሬ ለኮርያ ከጻፍን ነገ ለዐድዋ ጻፉ ይሉናል» ያሉም ነበሩ፤ ሰውም ሳቀ። ኮርያው ገንዘባቸውን መልሰው ቋጠሩና «ልክ ነህ ልጄ፤ ደንብ ደንብ ነው» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ከቀብር ሳይቀሩ፣ መዋጮ ሳያጓድሉ ኖረው በ2006 ዓ.ም. ዐረፉ። ቅሬያችን በሚገባ ቀበራቸው፤ ሦስት ቀን ድንኳን ተጣለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አልቀረም። ስማቸውን በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከስማቸው በላይ ሁለት መስመር ባዶ ትቼ ጻፍኩ። ለምን እንደተውኩት ያን ጊዜ ራሴም አላወቅሁም።

ደንቡን ያነበብኩት በትክክል ነው፤ አንድም ቃል አላጎደልኩም። ነገር ግን በትክክል የተነበበ ደንብም ሰው ሊበድል ይችላል። ይህን ያስተማረኝ ኋላ የመጣብን መከራ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም በመካከላችን ቆየ። ያን ወራት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዝርዝሩን አልጽፍም። ጡሩንባ የሚነፋ አልነበረም። ሰው በሞተበት አጠገብ፣ በጓሮና በእርሻ ዳር፣ በሌሊት ተቀበረ። ፍታት ያላገኘ አለ፤ ጀናዛው በሁለት ሰው ብቻ የወጣ አለ። ተሰዶ በመንገድ የቀረ፣ ዘምቶም ወሬው የጠፋ አለ። መንገዱ ሲከፈት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። «እባክህ፣ እንዲህ የሚባል ልጄ ነበረ፤ ጻፍልኝ» ይሉኛል። «ቅሬው ቀብሮታል?» ብዬ ልጠይቅ? ማንን ቅሬ ቀበረው? ያን ጊዜ የኮርያው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ ማይጨው ከኮርያ ይርቃል እንዴ?

በእኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ ሞቷል። በ1928 በጦርነት ሞቷል፤ በ1965ና በ66፣ በ1977ም በረሃብ ሞቷል። ሲቆጠር በሺህና በመቶ ሺህ ይባላል። ሺህ ግን ስም አይደለም፤ ለሺህ ሰው የሚለቀስ ለቅሶም የለም። የሚለቀሰው ለአንድ ሰው፣ በስሙ ተጠርቶ ነው። የቅሬም ትርጉም ይኸው ይመስለኛል። ድንኳኑና ድስቱ መሣሪያ ናቸው፤ ቁም ነገሩ ማንም ሰው ስሙ ሳይጠራ ወደ አፈር እንዳይገባ መጠበቅ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከተለመደው መዝገባችን ሌላ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ስሙም የሩቅ ሙታን መዝገብ ይባል። መዋጮ አይጠየቅበትም፤ ክፍያም አይከፈልበትም፤ ስለዚህ የገንዘብ ያዡን ሒሳብ አያናጋም። በዚህ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ቤት ቀብሩ ላይ ያልደረሰለትን ዘመዱን ያስጽፍ። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ የቀረበት ቦታና ዘመን፣ ነጋሪው ማን እንደሆነ ይጻፍ። በማን ወገን ቆሞ ሞተ የሚል ጥያቄ አይኑር፤ ቅሬ ወገን አይለይም፤ የሚያውቀው ሬሳና ሐዘንተኛ ብቻ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ በጠቅላላው ስብሰባ ዕለት፣ ቡናው ከመቅረቡ በፊት ስማቸው ይነበብና ቄሱም ሼሁም ያሳርጉ። ከዚህ የበለጠ ሐውልት ለማቆም ዐቅም የለንም፤ ከዚህ ያነሰ ግን ማድረግ አይገባንም።

ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። የማይጨውን ያዩ ከመካከላችን ሄደዋል፤ የሰሙት ግን ገና አሉ። አያታችሁ ወይም አባታችሁ ስለ ማን ያወሩ እንደነበር ዛሬ ማታ ጠይቁ። ነገ የሚጠየቅ ሰው ላይገኝ ይችላል። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜ አለኝ፤ እጄም ገና አልተንቀጠቀጠም። ስብሰባው ከፈቀደ በየቤቱ እየዞርኩ በነፃ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጻፉትን ሁለት ስሞች ግን አሁኑኑ አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ከማይጨው ሳይመለስ የቀረ የሀብሩ ገበሬ ነው። ሁለተኛው ኮርያ ላይ የሞተ፣ እናቱ መርዶውን ሳትሰማ የሞተች የሸዋ ልጅ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠብቁኝ ኖረዋልና እነሱን እኔው ራሴ እጽፋቸዋለሁ።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ጀነትን ይወፍቃቸው፤ ያለነውንም ቸር ያሰማን።